ለጸበል ተሸካሚ አይጠፋም፣ ለሐይቅስ?

ዴንቨር ውስጥ ሆም ኬር የምንሠራ ሐበሾች ብዙ ነን። ሥራው ቀላል ነው የሚል ካለ አልሞከረውም ማለት ነው። ሰው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብሰል፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማቅረብ ወገብ ይሰብራል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ድካሙ አይደለም። ይህ ሥራ ደሴ ስላለችው ታላቅ እህቴ ሌት ተቀን እንዳስብ ስላደረገኝ ነው።

የምሠራለት ሰው ስድሳን ያለፈ ነው። ወጣት ሳለ በመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎድቶ አብዛኛው አካሉ አይታዘዝለትም። ቀኝ እጁ ግን የኤሌክትሪክ ዊልቸሩን መሪ ታንቀሳቅሳለች። የሚኖረው ብቻውን፣ በራሱ አፓርታማ ነው። ሥራ ፍለጋ ስሄድ ኢንተርቪው ያደረገኝ እሱ ራሱ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ያላቸው አካል ጉዳተኞች የሚጠቀሙበት አንድ ፕሮግራም አለ። የሚረዳቸውን ሰው ራሳቸው ይቀጥራሉ፣ ራሳቸው ያሠለጥናሉ፣ የሥራ ሰዓቱን ራሳቸው ያወጣሉ። ካልተስማማቸውም ያሰናብታሉ። ደመወዙ የሚከፈለው ከፕሮግራሙ በጀት ነው፤ አለቃው ግን እሱ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ያለኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «እዚህ የመጣኸው ልታስታምመኝ አይደለም። እጅና እግር ልትሆነኝ ነው። ጭንቅላቱ አለኝ።»

እውነቱን ነው። ያለ እኛ እርዳታ ከአልጋው አይወርድም። መቼ እንደሚወርድ፣ ምን እንደሚለብስ፣ ወርዶ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን እሱ ነው። «ውጭው በጣም ይበርዳል፣ ዛሬ ባንወጣስ?» ስለው ጃኬቱን እንዳመጣ ያዘኛል። እኔ ራስን ችሎ መኖር የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት እሱ ዘንድ ነው።

ይህ መብት ዝም ብሎ አልመጣም። ኮልፋክስ ጎዳናን የማያውቅ የዴንቨር ሐበሻ የለም። ኮልፋክስና ብሮድዌይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1978፣ 19 አካል ጉዳተኞች አውቶቡሶችን ከበው መንገድ ዘጉ። ያኔ የከተማው አውቶቡስ ዊልቸር አይጭንም ነበር። «እንሳፈራለን!» እያሉ አስፋልቱ ላይ አደሩ። አብዛኞቹ ገና በወጣትነታቸው ከሽማግሌዎች ጋር መጦሪያ ውስጥ ተዘግቶባቸው የኖሩ ናቸው። ቦታው ላይ ዛሬ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ወጣ። አሁን 15 ቁጥር አውቶቡስን ስንይዝ ሾፌሩ መወጣጫውን ይዘረጋል፣ ዊልቸሩ ይታሰራል፣ እንሄዳለን። ማንም ዞር ብሎ አያይም።

እኔን ግን ከአውቶቡሱ በላይ የነካኝ ተራራው ነው። ከዴንቨር ወጣ ሲሉ ስታንተን የሚባል የስቴት ፓርክ አለ። እዚያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎማ ፋንታ የቡልዶዘር ዓይነት ሰንሰለት የተገጠመለት ዊልቸር ያውሳሉ። ቀደም ብሎ መመዝገብ ነው እንጂ ክፍያ የለውም። ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ የዛፍ ሥሩን እየረገጠ ይወጣል። አሠሪዬ እሱ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሆናል። እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። እሱ ከፊት ይቀድመኛል፣ ይቆማል፣ ወፍ ያያል፣ ደግሞ ይነዳል። «ቀስ በል» ብለው አይሰማኝም። ከፍታ ላይ ደርሶ ዝም ብሎ ቁልቁል ሲያይ ቪዲዮ አነሳሁትና ለእህቴ ላክሁላት።

እትዬ ፖሊዮ የያዛት በሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ ሆና በክራንች ትሄድ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ትከሻዋ እምቢ አለና ዊልቸር ላይ ዋለች። ልብስ ሰፊ ናት። የእግር መኪና ስለማይሆንላት በእጅ የሚዞረውን አሮጌ ሲንጀር ትጠቀማለች። ቀኝ እጇ መዘውሩን ያዞራል፣ ግራ እጇ ጨርቁን ይመራል፣ ክሩ ሲበጠስ በጥርሷ ትይዘዋለች። የሠፈራችንን ልጆች ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት። እኔን ያስተማረችኝም በዚያችው መኪና ነው። ማንም «ምስኪን» ቢላት አትወድም፣ አይገባትምም።

ቪዲዮውን አይታ ደወለች። መጀመሪያ ስለ ዊልቸሩ ጠየቀችኝ፤ በስንት ይሸጣል፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል። ቀጥላ «እኔ እኮ ሐይቅን እንኳ አላየሁም» አለች።

ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ቅዳሜ ሄዶ ዓሣ በልቶ የሚመለስበት ቦታ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ደሴ የኖረች ሴት አላየችውም።

ይህን ስትሰሙ ስለ ቤተሰባችን ክፉ እንዳታስቡ። ወሎ ውስጥ ሰው ለሰው አይጨክንም። እትዬ ስትታመም ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ጠፍቶ አያውቅም። ለቅሶ ሲሆን ወንበሯን ለአራት ይዘው ዳገቱን ያወጧታል። ጎረቤታችን ሐጂ ጸበል መሄድ ስትፈልግ ልጆቻቸውን ልከው «አብሽሪ ልጄ፣ ይወስዱሻል» ብለው አሸክመዋታል። የሙስሊም ልጆች ክርስቲያን እህታቸውን ለጸበል ሲሸከሙ ማየት በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። እኔም በዚህ እኮራለሁ።

ነገር ግን ሁሉንም ደርድሬ ሳየው ሕመም፣ ለቅሶ፣ ጸበል ነው። ለችግር ተሸካሚ ሞልቷል። እንዲሁ ደስ እንዲላት፣ ነፋስ እንድታገኝ፣ ውሃ ዳር እንድትቀመጥ ብሎ ያሰበ የለም። እሷም አትጠይቅም። «ለመዝናናት ብዬ ሰው ላስቸግር?» ነው ያለችኝ። ለመታከም መሸከም ያስመሰግናል፤ ለመዝናናት ልሸከም ማለት ግን እንደ ቅንጦት ይቆጠራል። አካል ጉዳተኛው ራሱም እንዲሁ ያስባል። አሠሪዬ ተራራ ለመውጣት ማንንም አይለምንም። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እትዬም የባጃጅና የሚኒባስ አታጣም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ገባሁ። ሐይቅ እንድንሄድ ተስማማን። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ዳገትና ቁልቁለት ናት። አካል ጉዳተኞች በእጃቸው የሚያሽከረክሩት ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ይሠራል፤ ደሴ ላይ ትከሻ ይገድላል። የእግረኛ መንገዱ ሲገኝ ጠርዙ ጉልበት ድረስ ነው፣ ከሥሩ ክፍት ቦይ አለ። እትዬ ከቤት ወጥታ ሱቅ ለመድረስ ከመኪና ጋር አስፋልት ትጋራለች።

የሄድን ዕለት ጠዋት ቡና ተፈላ። ጭሱ፣ ቄጤማው፣ ፈንዲሻው፣ ሁሉም ነበር። እትዬ «ዛሬ አልጠጣም» አለች። ያለ ሦስተኛ ከማትነሳ ሴት ይህን ስሰማ አሟት መስሎኝ ነበር። ውሃም አልጠጣችም። ሚኒባስ ውስጥ ሆነን ቀስ ብላ ነገረችኝ። «የምንሄድበት መጸዳጃ ቤት እንደማይመቸኝ ስለማውቅ ነው። ከቤት ስወጣ ሁሌም እንዲህ ነኝ።»

እባካችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሰውን ጥም የሚወስነው የበር ስፋት ነው። ዴንቨር ውስጥ አሠሪዬን ይዤ ስወጣ የመጀመሪያው ሥራዬ ውሃ ብዙ ማጠጣት ነው፤ ለፊኛውና ለኩላሊቱ ግድ ነው። እህቴ ደግሞ ከቤት ለመውጣት ስትል ራሷን ታስጠማለች።

ሐይቁ ዳር ያለው መዝናኛ ደረስን። ስሙን አልጠራውም። ወደ ውሃው የሚያወርዱት አራት ደረጃዎች ናቸው። ወጣቶቹ አስተናጋጆች ገና ሲያዩን ሮጠው መጡ። «አብሽሪ እናቴ፣ እኛ እናነሳሻለን!» ከልባቸው ነው። እትዬ መረቀቻቸውና «ዛሬስ አልሸከምም፤ ሌላ መንገድ ካለ አሳዩኝ» አለች። ሌላ መንገድ ነበረ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የለስላሳ ሳጥን የሚገባበት ጠጠር መንገድ ነው።

ዊልቸር ጠጠር ላይ በፊት ለፊት አይሄድም። ትናንሾቹ የፊት ጎማዎች ይሰምጣሉ፣ ሰውየው በአፍጢሙ ይደፋል። ብልሃቱ ጀርባውን ማዞር ነው። ሁለቱን ትልልቅ ጎማዎች ወደሚሄዱበት አዙሮ፣ የፊቶቹን ከመሬት ብድግ አድርጎ፣ ወደኋላ ቀስ እያሉ መሳብ። አንዱ አስተናጋጅ አየኝና ወዲያው ተማረው። እትዬ ራሷ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ አሁን ቁም» እያለች ታዘናለች። እንዲያ ሆነን ወረድን። ዊልቸሯን ስናዞራት ሐይቁ ፊት ለፊቷ ነበር።

ብዙ ሳትናገር አየች። ከዚያ ጥያቄ አበዛች። ታንኳው በምን ይሠራል፣ ዓሣው በመረብ ነው በመንጠቆ። ገዳሙ የቱ ጋ ነው አለች፤ አሳየናት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ሴት አያስገባም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። ዛፎቹን ከሩቅ ተሳልማ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። የተጠበሰውን ዓሣ በሚጥሚጣ እስከ አጥንቱ ጨረሰችው። ለስላሳውን ግን ከንፈሯን አስነክታ መለሰችው።

ከምሳ በኋላ ቦርሳዋን ከፈተችና የልብስ መለኪያ ሜትሯን አወጣች። ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር አትሄድም። የመጸዳጃውን በር ለካን፤ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ዊልቸሯ 64 ነው። አራት ሴንቲ ሜትር! ከዚያ ደረጃዎቹን አስለካችኝ። እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 60። የቦታው ባለቤት ምን እየሠራን እንደሆነ ሊጠይቁ መጡና አብረውን ቆሙ። አሜሪካ የተማርኩትን ነገርኳቸው። መወጣጫ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ 60 ሴንቲው 7 ሜትር ከ20 ይሆናል። ካጠረ ቁልቁለቱ ሰው ይጥላል። በር ደግሞ ሲከፈት ቢያንስ 81 ሴንቲ ሜትር ነፃ ቦታ መስጠት አለበት፤ ውስጡም ዊልቸር የሚዞርበት ሜትር ተኩል ያስፈልገዋል።

ሰውዬው ክፉ አልነበሩም። «እንዲህ ያለ እንግዳ መጥቶብኝ አያውቅም» አሉ። እትዬ መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ ደረጃውን ስለምናውቅ ነው የማንመጣው።»

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ዊልቸር ተጠቃሚ የሚገባበት መንገድና የሚጠቀምበት መጸዳጃ እንዲኖረው ገና ያኔ አዝዟል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም አለ። አንቀጽ 19 ራስን ችሎ ስለመኖር ነው። አንቀጽ 30 ደግሞ ስለ መዝናናትና ስለ ስፖርት ነው። መዝናናት ከሕክምናና ከትምህርት ጋር እኩል መብት ተብሎ ተጽፏል። ለእትዬ ይህን ሳነብላት ሁለቴ አስደገመችኝ። «እንግዲህ ቅንጦት አይደለማ!» አለች።

ችሎታ የለም እንዳይባልም አለ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው እዚሁ ወሎ፣ አማራ ሳይንት ነው። በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ ሕግ ተማረች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ወሰደች። በፓሪሱ የ2024 ፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴና ትዕግስት ገዛኸኝ በ1,500 ሜትር ወርቅ አምጥተዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደግሞ ስንት የወሎ ወጣት እግሩን አጥቶ ቤት ገባ። እነዚህ ልጆች ገና ሃያና ሠላሳ ዓመት ናቸው። እግር ኳስ ያዩ ነበር፣ ሐይቅ ይወርዱ ነበር፣ ሠርግ ላይ ይጨፍሩ ነበር። ሰው ሠራሽ እግርና ክራንች ከሰጠናቸው በኋላ የት እንዲሄዱበት ነው?

አሁን ነገሩ እዚህ ደርሷል። ባለቤቱ መወጣጫውን አሠርተው ፎቶ ላኩልኝ። እትዬ ከአካል ጉዳተኞች ማኅበሯ ሴቶች ጋር ሄዳ ሞከረችው። ቁልቁለቱ ጥሩ ነው፣ ዳርና ዳሩ የሚያዝ ብረት ይጎድለዋል ብላለች። የመጸዳጃው በር ገና አልሰፋም። እሱ እስኪያልቅ ድረስ ጠዋት ሄደው በምሳ ሰዓት ይመለሳሉ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ቤት፣ ገስት ሀውስ፣ ሆቴል የምታሠሩ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ኢንጂነራችሁን ደውላችሁ ስለ መወጣጫውና ስለ መጸዳጃው በር ጠይቁት። ንድፍ ላይ በሩን 90 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ምንም አይደለም፤ ግድግዳ ከቆመ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። ኮምቦልቻ ባለ ሁለት ፎቅ የሚያሠራ ጓደኛዬ የታችኛውን ፎቅ በሮች በሙሉ አስቀይሯል። የመግቢያው ደረጃ ላይ ግን እስከ አሁን አልተስማማንም፤ «የፊቱን ውበት ያበላሻል» ይለኛል። ቅዳሜ እንደገና እደውልለታለሁ።