ብርድ ነው ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ

የደብረ ማርቆስን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ባለፈው ክረምት ሌሊት ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ሲይዘኝ፣ እናቴም እኔም ብርድ ነው አልን፤ ለካ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ከደሜ አንሶ ኖሯል። «ልጄ፣ እግርህን ሸፍነህ ተኛ» እያለች ታሸኝ ነበር።

ቀን ደግሞ ጉልበት ከዳኝ። ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ሆዴም ደረቀ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ። ሐኪም ቤት የወሰደኝ ልቤ ነው። ምቱ ዝልል እያለ ደረቴ ውስጥ ሲንፈራገጥ ፈራሁ።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የምወስደውን መድኃኒት ነው። ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እውጣለሁ። ኪኒኑ ሽንት ያበዛል፤ ከውሃውና ከጨው ጋር ፖታሲየምንም ያስወጣል። እሱ ላይ፣ ሆዴ ከመድረቁ በፊት ተቅማጥ ይዞኝ ከርሟል፤ እሱም ፖታሲየም ያሳጣል። የደም ምርመራዬ ፖታሲየሜን 2.9 አሳየ። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል በሊትር ነው። ነርቭና ጡንቻ ያለ ፖታሲየም በወጉ አይሠሩም። ልብም ጡንቻ ነው። ወዲያው ኤሲጂ፣ ማለትም የልብ ምት ምርመራ ተነሣሁ።

የፖታሲየም ክሎራይድ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ የግፊት መድኃኒቴም ተቀየረ። ከሳምንት በኋላ 3.8 ደረስኩ። ባቴ ግን ከዚያ በፊት ነው የተወኝ።

የቆጨኝ ምግቡ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊግራም ፖታሲየም ይመክራል። መቶ ግራም ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ወደ 380 ገደማ አለው፤ መካከለኛ ሙዝ ደግሞ 420 ያህል። ድንች በሞላበት ጎጃም ተቀምጠን፣ ድንቹን ልጠን ቀቅለን ውሃውን እንደፋ ነበር። ፖታሲየም ደግሞ ወደ መቀቀያው ውሃ ይወጣል! አሁን ከነልጣጩ እንቀቅላለን፤ ወይም ጥሬውን ወጥ ውስጥ እንጨምራለን። ባቄላና ምስርም ከገበታችን አይጠፉም።

ይህን ስናወራ የሰሙ ጎረቤታችን፣ ኩላሊታቸውን የሚታመሙ እናት ናቸው፣ የተረፈኝን ኪኒን ጠየቁኝ። «እግሬን እኔንም ይይዘኛል» አሉ። «ኧረ እትዬ፣ ለእርስዎ አደጋ ነው» አልኳቸው። የደከመ ኩላሊት ትርፉን ፖታሲየም ማስወጣት ያቅተዋል፤ ሲበዛ ደግሞ ልብ ሊያቆም ይችላል። ቅር አላቸው። በማግሥቱ ግን አብረን ሐኪም ጋ ሄድን።