አስር ብር በጊታር ክር መሃል

ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬ ላይ የቀረችውን ቻርጅ በአሜሪካዊው ዘፋኝ በጆኒ ካሽ ጨረስኳት።

ከዚያ የወንድሜን ጊታር አንስቼ፣ አስር ብር አጥፌ ክሮቹ መሃል ሰካሁ። አላበድኩም! ካሽ እ.ኤ.አ. በ1955 ሜምፊስ ላይ፣ ሰን ሬከርድስ የሚባል ሙዚቃ ቤት መቅዳት ሲጀምር ከበሮ መቺ አልነበረውም። ወረቀት ክሮቹ ስር እየሰካ ነው የከበሮ ለዛ የሚያወጣው። ሞከርኩት፤ እውነትም ቸክ ቸክ ይላል። እናቴ ከጓዳ "ብሩን ልትቀደው ነው" አለችኝ። (ተቀደደም፣ ትንሽ።)

በ1968 ፎልሰም እስር ቤት ገብቶ፣ እስረኞቹ እየጮሁለት የቀዳው አልበም እንደገና ከፍ አድርጎት ነበር። ግን አልበሞቹን የሚያሳትምለት ኩባንያ፣ ኮሎምቢያ፣ በ1986 አሰናበተው። ከ25 ዓመት በላይ አብሯቸው ሰርቶ! አበቃለት ተባለ።

እኔ ደግሞ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በራፕና በሜታል የሚታወቀው ፕሮዲውሰር ሪክ ሩቢን ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠውና "ዝፈን" አለው እንበል። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ጊታር፣ በቃ። አልበሙ በ1994 ወጣ። በ2003 ሚስቱ ጁን ካረፈች በኋላም መቅዳቱን አላቆመም። በአራት ወር ተከተላት። የዚያ ጊዜ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ አላስተካከሉትም፣ ደግ አደረጉ።

ወንድሜ ሲመጣ ብሩ ገና ክሩ ላይ ነው። "ማን ሸለመህ?" አለኝ።