አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር

ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ዛሬ ያስተረጎምኩላቸው እናት ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚመረመሩ ሲሆኑ፣ እጥበታቸው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ ምርመራው ማክሰኞ መደረጉ ትክክል ነበር፤ እጥበት ላይ እያሉ የተፈተኑ ሕሙማን ውጤታቸው ዝቅ ይላልና።

የተጀመረው በጉልበት ምርመራ ነው። ፊስቱላ (ለእጥበት የተሠራ የደም ሥሮች መጋጠሚያ) ያለበትን ግራ እጃቸውን ትተው በቀኛቸው መለኪያውን ጨበጡ፤ የአካሄዳቸው ፍጥነት በሰከንድ ተቆጠረ፤ ሳያስቡት ክብደት ቀንሰው፣ ድካም በርትቶባቸው እንደሆነም ተጠየቁ። ከአምስቱ መመዘኛዎች ሦስቱ የተገኙበት ሰው በእንግሊዝኛው «ፍሬይል» ይባላል። ይህን ቃል «አቅመ ደካማ» ብዬ ስተረጉመው እናታችን ቀና ብለው «ልጆች አሉኝ እኮ፣ ተመጽዋች አይደለሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይቅርታ ጠይቄ «የሰውነት መዛል» አልኩ። ስለ እንቅስቃሴ የሚጠይቀው ቅጽ ደግሞ ጎልፍ ይጫወቱ እንደሆነና ሣር ያጭዱ እንደሆነ ይጠይቃል። «ላም የለኝ፣ ለማን አጭዳለሁ?» ብለው ሳቁ። ምጣድ ሥር ቆመው እንጀራ ስለሚጋግሩበት ሰዓት የጠየቃቸው የለም።

ከዚያ የአእምሮው ፈተና መጣ፤ ሙሉ ነጥቡ 30 ሲሆን 26 እና ከዚያ በላይ ደኅና ተብሎ ይወሰዳል። ሰዓት ስለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲያሳዩበት ታዘዙ፤ እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። እሳቸው ክቡን አስተካክለው፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው ደርድረው፣ አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳረፉት። ዕድሜ ልካቸውን አምስት ላይ ያለውን ዘንግ አሥራ አንድ ብለው ያነበቡ ሰው ሌላ ምን ሊስሉ ኖሯል? «በፈረንጅ ሰዓት» የሚሉ ሁለት ቃላት ብጨምር ኖሮ በበቃ ነበር።

ቀኑን ሲጠየቁ «ሰኔ 10፣ 2017» አሉ። እዚህ ላይ ግን አልዘለልኩም፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትክክል መሆኑን ለፈታኟ አስረዳሁ። እሷም ወሩን ተቀብላ፣ ለቀኑና ለዓመተ ምሕረቱ ነጥብ እንደማትሰጥ ነግራኝ በኅዳጉ ማስታወሻ ጻፈች። ውጤታቸው 23 ሆነ።

ምርመራውን አልቃወምም። ሰውነቱ የዛለ ሕመምተኛ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግራ የመጋባት አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ የተተከለው ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደው መድኃኒትም በየዕለቱ፣ በሰዓቱ መዋጥ አለበት፤ ስለዚህ ማን እንደሚያስታውሳቸው፣ ምን ያህል አካላዊ ልምምድ እንደሚያስፈልጋቸው አስቀድሞ መታወቁ ይጠቅማቸዋል። እኔን ያንገበገበኝ የሰዓቱን ጉዳይ ያስተዋልኩት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ መሆኑ ነው። ቀኑ፣ ዓመቱና ዘንጉ ሦስት ነጥብ ናቸው፤ ሲደመሩ 26 ይሞላሉ።

ለአስተባባሪዋ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ ፈተናው እንዲደገም ጽፌያለሁ። መልስ እስኪመጣ 23 የሚለው ቁጥር መዝገባቸው ውስጥ ነው።