ከሐረጎ ወዲህ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ ሐረጎ ላይ ከሞተር ወድቄ የታሰረልኝ ጀሶ ከእጄ ሲፈታ ደስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ቆይቼ ነበር፤ የመጣብኝ ግን ደስታ ሳይሆን መቁነጥነጥ ነው። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ሰፈራችንን በሚሸፍንባቸው በእነዚህ የነሐሴ ቀናት መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ዳገቱን የሚወጣ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ነጂው ማርሹን መቼ እንደሚቀይር በጆሮዬ እከታተላለሁ። ሲዘገይ እበሳጫለሁ፤ በጊዜው ሲቀይር ደግሞ የእኔ ትከሻ ዘና ይላል። ጋሼ ይህን ሲታዘብ ሰንብቶ፣ «ሰውነትሽ ወረደ እንጂ ልብሽ ገና ሞተሩ ላይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ወደ ሥራ የምመለስበት ቀን እየተቃረበ ነው፤ በምን እንደምመለስ ግን ገና አልቆረጥኩም።

የወደቅኩባት ሞተሬ፣ ዲቲዋ፣ እንደማትመለስ ተቀብያለሁ። ኮምቦልቻ ያለው መካኒካችን የፊቱ ሹካ እንዴት እንደታጠፈና ከመሪው ሥር ያለው የሻንሲው ብየዳ እንዴት እንደተሰነጠቀ በጣቱ እየነካ ካሳየኝ በኋላ፣ «ማቃናቱን አቃናዋለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ግን አንቺን ለእሷ አደራ አልሰጥም» አለኝ። ሥራ አግኝቶ ሊከፈለው ሲችል እንዲህ ብሎ የሚመልስ መካኒክ ስላለኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ከጨረታ የገዛኋት ባለ 175 ያማሃ ነበረች፤ ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ዘይትን ከቤንዚን ጋር አብራ ታቃጥላለች፣ የጭሷ ሽታ ልብሴን ተከትሎ ቢሮ ይገባል፣ ዳገት ላይ ግን ማንም አይደርስባትም ነበር። ጉድለቷ ቁልቁለት ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሞተር ነዳጅ ሲዘጉበት ፍጥነትን የመያዝ ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ድካሙ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ዘይቱም የነዳጁን መጠን ተከትሎ ስለሚመጣ፣ ረጅም ቁልቁለት ነዳጅ ዘግቶ መውረድ ፒስተኑን ያደርቀዋል፤ በየመካከሉ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷው ናት፤ ስለዚህ ሌላ ሞተር ለማየት በሄድኩ ቁጥር የማመዛዝነው በእሷ ነው።

መንገዳችንን በቀላሉ የሚያልፍ ሞተር የለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጧት ከ600 ሜትር በላይ ወርጄ ማታ ያንኑ መልሼ እወጣለሁ ማለት ነው። አየሩ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ሞተር ጉልበት ያጣል፤ በልምድ የሚገመተው በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ነውና፣ ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ደሴ ላይ ሲደርስ 9 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ሻጭ ይህን አይነግርም። እኔ ደግሞ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ከኋላ አስሬ ወደ ቃሉና ወደ አልብኮ ቀበሌዎች ስለምዘልቅ፣ የጎደለውን ጉልበት የምከፍለው ጭቃ ላይ ሞተር እየገፋሁ ነው።

ኤጂ 200 ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ በእርግጥም ያማሃ የሠራው ለእርሻ ነው። ካቴናው በሽፋን ውስጥ ተዘግቶ ከጭቃ ይጠበቃል፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አለው፣ ማቆሚያው በግራም በቀኝም ስለሆነ በየትኛውም ተዳፋት ላይ ይቆማል። የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ነው፤ በሽቦ የሚሳብ የታምቡር ፍሬን ስለሆነ ጭብጥ አድርጎ መያዝን ይጠይቃል፤ የተሰበረብኝ ደግሞ የቀኝ እጄ አንጓ ነው፣ የፊት ፍሬን የሚያዘውም ያው እጅ ነው። ቦክሰር የሚባለው ሞተር ደግሞ ዲስክ ፍሬን ያለው ዓይነቱ በፈሳሽ ግፊት ስለሚሠራ ሁለት ጣት ይበቃዋል፤ መቀመጫውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ዳገት ላይ ስቆም ሁለቱም እግሮቼ መሬት ይነካሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄደውንም ሞተር በደንብ አስቤበታለሁ። የአየር መሳሳት አይነካውም፣ ቁልቁለት ላይም አንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ እንደ እኛ ላለ አገር ከዚህ የተሻለ ሐሳብ የለም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ቤንዚን ያለቀበትን ሰው ሌላው ከታንከሩ በቱቦ ስቦ ያደርሰዋል፤ ደጋን አካባቢ ባትሪ ያለቀበትን ማን ያደርሰዋል? መብራት በጠፋ ማግሥትስ?

«ማን ያደርሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ከሞተር ዓይነት አውጥቶ ወደ ሰው ወሰደኝ። ሊጠይቀኝ ከመጣው ሞተረኛ መካከል ስለ እጄ ብቻ አውርቶ የሄደ አንድም የለም። ብርቱካን በፌስታል ይዘው ይገባሉ፣ «እንኳን አላህ አተረፈሽ»፣ «አብሽሪ እታለም» ይላሉ፣ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው ወደ ካርቡራተር ይዞራል። የሐይቁ መምህር ከኤጂ ሌላ ሞተር የለም ይላል፤ ሙሄ ደግሞ ቦክሰር ካልገዛሽ አንነጋገርም ይላል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም የራሱን ለማስመረጥ የሚፎካከር መስሎኝ ነበር። በኋላ ሙሄ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ቦክሰር ከያዝሽ ከመቀመጫዬ ሥር ያለው ካንዴላ ያንቺ ነው፣ የፍሪሲዮን ሽቦዬም ያንቺ ነው። ሌላ ከያዝሽ አጠገብሽ ቆሜ ከማዘን በቀር ምን እጠቅምሻለሁ?» ለካ የራሱን ሞተር እንድገዛ የሚገፋፋኝ መንገድ ላይ ስቆም ሊደርስልኝ እንዲችል ነው። ከዚያ ወዲህ የምክራቸውን ክርክር በአክብሮት ነው የምሰማው።

መንገድ ላይ ያለውን የማያውቅ ሰው ይህን ማጋነን ሊለው ይችላል። ከፊት የሚመጣ ሞተረኛ መብራቱን ብልጭ ካደረገልህ ከመታጠፊያው ወዲያ ከብት ወይም ድንጋይ አለ ማለት ነው። ሞተሩ የጠፋበትን ሰው ሌላው አጠገቡ እየነዳ፣ አንድ እግሩን የኋላ መርገጫው ላይ አሳርፎ እየገፋ ጋራዥ ድረስ ያደርሰዋል፤ ስሙን ሳይጠይቀውም ይለየዋል። ቅርንጫፍ ቆርጦ አስፋልት ላይ መጣልም ያው ነው፤ ገና ለሚመጣው ሰው የተላከ መልእክት ነው።

ሙሄ ስለ ሞተር ከመናገሩ በፊት አጥብቆ የጠየቀኝ ሄልሜቱን ጥዬው እንደሆነ ነበር። አልጣልኩትም፤ ግን ልክ ነው፣ መጣል አለበት። ከውስጥ ያለው ፎም ምት የሚቀበለው አንዴ ተጨፍልቆ ነው፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም ለሁለተኛ ጊዜ አያድንም። ስለዚህ ከሞተሩ በፊት የሚገዛው ሄልሜት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ዛሬ ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ በቀኝ ጎኑ ያለውን ፍግፋጊ በጣቴ ስዳብስ ግን የታየኝ የሌላ ሰው ሄልሜት ነው፤ ሌሊቱን እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው።

ሐረጎ ላይ የጣለኝ ናፍጣ ነው። ከባድ መኪኖች ታንከራቸውን እስከ አፉ ሞልተው ሲወጡ፣ ክዳኑ ያልጠበቀ እንደሆነ መታጠፊያው ላይ ይፈስሳል፤ መታጠፊያውንም ሰፋ አድርገው ስለሚወስዱት የሚፈስሰው በወራጁ መስመር ላይ ጭምር ነው። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይተንም፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ተንሳፍፎ ይቆያል። ጉሙ መሬቱን ሸፍኖት ነበር። ፍሬን አልያዝኩም፣ ፍጥነትም አልነበረኝም፤ የፊት ጎማው ከሥሬ እንደ ሳሙና ሾልኮ ሄደ። ኤቢኤስ የሚሉት ፍሬን ጎማ እንዳይቆለፍ ይከላከላል እንጂ፣ ታጥፎ እያለ የተንሸራተተን ጎማ ከመሬት ጋር አይሰፋውም። እንግዲህ የትኛውንም ዓይነት ሞተር ብይዝ ያን ጧት እወድቅ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳስብ የሞተር ምርጫው ሁሉ ትርጉሙ ይጠብብኛል።

ከኋላዬ የነበረው ሞተረኛ ሞተሩን መብራቱ እንደበራ ከመታጠፊያው በላይ አቁሞ ሮጦ መጣ፤ ከታች የሚመጣ ሌላም ቆመ። ሄልሜቴን ለማውለቅ አልተቻኮሉም፤ አንዱ «እኅቴ፣ ስምሽን ንገሪኝ፣ የእግር ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ» እያለ አንገቴን ደግፎ ጠበቀ። ሦስተኛው ግን ወደ እኔ አልመጣም። ወጣት ነው፤ ከሞተሩ ወርዶ ናፍጣውን ጎንበስ ብሎ አየው፣ ከዚያም የራሱን ሄልሜት አውልቆ ወደ መንገዱ ዳር ሄደ፤ በሄልሜቱ አፈር እየዛቀ አስፋልቱ ላይ ይበትን ጀመር። እየተመላለሰ በተነ፣ በጫማው አሸው፣ ደግሞ በተነ። ከዚያ ቅርንጫፍ ቆርጦ ከላይ አኖረ። እኔ መሬት ላይ ሆኜ እሱን ሳይ፣ በእግዚአብሔር ስም ይህ ሰው ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ተማሪዎች የጫነ ባጃጅ ከጉሙ ውስጥ ወጣ፤ አፈሩን ረግጦ፣ አንዴም ሳይወላገድ አልፎ ሄደ። ባለ ሦስት እግር በዚያ ናፍጣ ላይ ምን ይሆን እንደነበር ለማሰብ አልፈልግም። ልጆቹ ምንም አላወቁም። ወደ ሚኒባስ ሲያስገቡኝ ወጣቱ የሄልሜቱን ውስጥ አንገቱ ላይ በጠመጠመው ፎጣ እየጠረገ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። ሁለቱን ያነሱኝን ሰዎች አግኝቼ አመስግኛለሁ፤ እሱን ግን እነሱም አያውቁትም።

ጋሼ ከእንግዲህ በሚኒባስ እንድመላለስ ይፈልጋል፤ እናቴም አፍ አውጥታ ባትናገርም ዱዓዋ ሁሉ ወደዚያ ነው። ልቃወማቸው አልችልም፤ ሞተር ላይ ያለ ሰው ዙሪያውን የሚከልለው ምንም ነገር እንደሌለው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ትናንት ማታ ግን የዚያን ወጣት ነገር ነገርኩትና፣ ዕዳዬን የምከፍለው መንገድ ላይ በመገኘት ነው አልኩት። ጋሼ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ያ ልጅ የረዳው እኮ በአፈር እንጂ በሞተር አይደለም፤ እግረኛም አፈር መበተን ይችላል» አለኝ። ከባድ መልስ ነው። የማልስማማበት ምክንያት አለኝ፦ ናፍጣው ምን ማለት እንደሆነ ያወቀው በሁለት ጎማ የሚሄድ ስለሆነ ነው። ባለ አራት እግር መኪና ያንን ቦታ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ እኔም ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቤ ብቀመጥ አላየውም። የወደቀ ሰው በመስኮት ባይ «ወራጅ አለ!» ብዬ እወርድ ይሆናል፤ ያልወደቀውን ሰው ለማዳን ግን አስፋልቱን ሲሄዱ ማንበብ ያስፈልጋል፣ ያንን ንባብ ደግሞ ሞተር ላይ ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ብዬ ስጨርስ ግን የራሴ ናፍቆት በዕዳ ስም እየተናገረ እንዳይሆን ፈራሁ። ሁለቱን ለመለየት ሞክሬ አልተለየልኝም።

ቅዳሜ ሙሄ ዲስክ ያለውን ቦክሰር ሊያሳየኝ ኮምቦልቻ ቀጥሮኛል፤ ጋሼም አብሬ እሄዳለሁ ብሏል። ከመተኛቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለመሆኑ ያ ልጅ ራሱ የያዘው ምን ዓይነት ሞተር ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። የሄልሜቱን ቀይ ቀለም፣ የጫማውን ጭቃ፣ አፈሩን ሲበትን የእጁን አጣጣል ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ሞተሩን ግን አላስታውስም። ይህን ያህል ጊዜ ሞተር ስመርጥ ቆይቼ የእሱን አለማየቴ እንዴት ሆነ? ባየውስ ኖሮ፣ ቅዳሜ የምሄደው ያንኑ ለመፈለግ ይሆን ነበር?