የአክስቴ ባል ጎራዴ

ባለፈው ጥር ለዘመድ ጥየቃ ከኮምቦልቻ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ በጋቢ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የአክስቴ ባል፣ ጋሼ፣ ከአልጋቸው ሥር ካለው ሳጥን በነጠላ የተጠቀለለ ጎራዴ አወጡ። አያታቸው በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤልን ተከትለው ሰገሌ ሲዘምቱ የታጠቁት መሆኑን ከአባታቸው ሰምተዋል።

ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በአፎቱ ላይ ነው። ቀዩ ከፋይ በጫፍ በጫፉ ተልጦ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይታያል፤ አፉንና ጫፉን የያዙት የብር ቀለበቶች ግን እንደ ክር በቀጠነና እንደ ገመድ በተገመደ ብር ተከብበው፣ በመካከላቸው ከጤፍ ጥቂት የሚተልቁ የብር ፍሬዎች ተደርድረዋል። ከፍሬዎቹ አንዷ ከመስመሯ ወጣ ብላ ተበይዳለች። የአንጥረኛው እጅ የቱ ላይ እንደተንቀጠቀጠ የሚያሳየውን ይህን ስሕተት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቀረው ሁሉ ይበልጥ ወደድሁት። ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራው እጀታ ጥቁር ይመስላል፤ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ግን ጠርዙ እንደ ማር ያበራል።

«ልንካው?» አልኋቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ዶልዱሟል፤ አይቆርጥህም» አሉኝ።

በስለቱ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ ከእጀታው አጠገብ ደግሞ በላቲን ፊደል «ዞሊንገን» የሚል፣ የጀርመን ከተማ ስም የያዘ ማኅተም አለ። በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ገበያ እየተባሉ በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሚሠሩ ስለቶች ብዙ ስለነበሩ ይህ አላስደነቀኝም። የከነከነኝ ሌላ ነው፦ የሩቁ ፋብሪካ ማኅተሙን ሲያሳርፍ፣ ብሩን የገመደውና ከፋዩን የሰፋው ባለእጅ አንዲት ምልክት እንኳ አልተወም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ ስለበዛ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠይብ እየተባለ የሚሰደብ አንጥረኛ ስሙን በመኳንንት ትጥቅ ላይ ለመጻፍ እንዴት ይደፍር ነበር?

ጋሼ ስለቱን በዘይት ጨርቅ ወልውለው ወደ አፎቱ ሲመልሱት ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። ጥቂት ወደ ግራ አዘንብለው ጫን ሲያደርጉት ገባ። «ሌላ ጎራዴ አይገባበትም፤ በዚሁ ልክ ነው የሰፉት» አሉኝ።