አማቴና የባቦጋያው ጀልባ

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭንቁ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርሱ ነው እንጂ ክፍያ መንገዱ ላይ ከወጡ በኋላ የጀመሩት ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል።

ባለፈው ቅዳሜ አማቴን እናዝናና ብለን ከባለቤቴና ከዋርሳዬ ጋር ባቦጋያ ሐይቅ ወረድን። ከቢሾፍቱ ሐይቆች ሆራ እሬቻ የሚከበርበት ነው፤ ባቦጋያ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ዓሣ እየበላ ፎቶ የሚነሳበት። ዓሣው ተበላ፣ ፎቶው ተነሳ። ከዚያ ዋርሳዬ በእግር የሚነዳ ጀልባ አየ።

አማቴ "እኔ ሐይቅ የማየው ከዳር ነው" ብለው ነበር። "እማዬ፣ አንድ ዙር ብቻ" ብላ የለመነቻቸው ባለቤቴ ናት። እሷ ግን ቪዲዮ ልቅረጻችሁ ብላ ዳር ቀረች። ይህን ልብ በሉልኝ።

መሐል ስንደርስ መሪው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ጀልባው ወደ ግራ እንደታጠፈ መዞር ጀመረ። አንዴ ባለቤቴ ትታየናለች፣ አንዴ ገደሉ፣ ደግሞ ባለቤቴ። በዞርን ቁጥር እጇን ታውለበልብልናለች። የተዝናናን መስሏታል!

ዋርሳዬ በዚህ መሐል ጂኦግራፊ ትዝ አለው። "ይሄ እኮ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ 65 ሜትር ገደማ፣ ሃያ ፎቅ በሉት።" ቆይ፣ ይሄ ሰው ዓሣውን ሲበላ ምነው ዝም አለ?

አማቴ ሲጨንቃቸው የሚጠሩት የቁልቢውን ገብርኤል ነው። ያን ቀን ግን "ቁልቢ ሩቅ ነው" ብለው ወደ ዝቋላው አቦ ዞሩ። ዝቋላ እዚያው ቅርብ ነዋ፤ ሴትዮዋ በጭንቅም ርቀት ያሰላሉ። ዋርሳዬ ሊያጽናናቸው ፈልጎ "አይዞሽ እማዬ፣ አቦ ራሳቸው እኮ ዝቋላ ሐይቅ ውስጥ ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ጸልየዋል ይባላል" አላቸው።

"እሳቸው ጻድቅ ናቸው፤ እኔ ስኳር አለብኝ!"

በኋላ አንድ ልጅ በሞተር ጀልባ መጥቶ በገመድ ጎተተን። ቀድሞም አይቶናል፤ እየተጫወትን መስሎት ነው የተወን። ዳር ስንደርስ አከራዩ ሰዓቱን አየና "ሰዓት አልፏችኋል፣ ትርፉን ክፈሉ" አይለንም? አማቴ መሪውን ከእጄ ተቀብለው ሰጡት። "እንካ፣ ይሄን ስትገጥም እንከፍልሃለን" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መኪናው ሄዱ። እሳቸው ዞር ሲሉ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ የጎታቹንም ጭምር።

ባለቤቴ ቪዲዮውን የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለጥፋዋለች። አማቴ በየዙሩ ሲያማትቡ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የእሳቸው ታላቅ እህት ታዲያ ምን ብለው ጻፉ? "እኔንስ መቼ ነው የምትወስዱኝ?"