መመሪያውን ማየት እችላለሁ?

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ። ዝናቡ ይሁን ድካሙ እንጃ። የእማዬን ጉዳይ ይዤ ከሄድኩበት ቢሮ ስወጣ ታክሲ መጋፋት አስጠላኝና ከለገሐር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ በእግሬ ተያያዝኩት። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አይደለችም። «የኔ እህት፣ መመሪያው አይፈቅድም» ነው ያለችኝ። «መመሪያውን ማየት እችላለሁ?» ስላት ግራ ገባትና አለቃዋን ጠራችው። እሱም በትሕትና፣ «እሱ የውስጥ ነው፣ ለባለጉዳይ አይሰጥም፤ የሕግ ክፍላችን አስተያየት ሰጥቶበት ነው የምንሠራው» አለኝ። አስተያየቱንስ? ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

ፖስታ ቤቱን አለፍ እንዳልኩ ለጓደኛዬ ለሀ. ደወልኩላት። ሕግ ካነሱባት ምሳዋንም ትረሳለች። «ይሄ እዚህ ብቻ ያለ እንዳይመስልሽ፣ አሜሪካኖቹም መንግሥታቸው የደበቀውን የሕግ አስተያየት ለማየት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ነው የኖሩት» አለችኝ። ከዚያ ያወራችልኝ ነገር ይኸው እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እዚያ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ሥር የሕግ ምክር ቢሮ የሚባል ክፍል አለ። ፕሬዚዳንቱ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት «ይህን ባደርግ ሕጉ ይፈቅድልኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ይህ ክፍል በጽሑፍ ይመልሳል፤ በመልሱም መሥሪያ ቤቶቹ ይገዙበታል። ፍርድ ቤት አልሰማውም፣ ምክር ቤት አላጸደቀውም፣ ሕዝብ አላየውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2002 የተጻፈው አንዱ አስተያየት፣ አካላዊ ማሰቃየት የሚባለው ሕመሙ የሰውነት ክፍል ሥራውን ሲያቆም ወይም ሞት ሲመጣ የሚሰማውን ያህል የበረታ እንደሆነ ነው ብሎ ተረጎመ። ወረቀቱ በ2004 ሾልኮ እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ አያውቀውም ነበር። የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ እስረኞችን የሚመረምርባቸውን ዘዴዎች አንድ በአንድ የሚፈቅዱት ሌሎች አራት አስተያየቶች ደግሞ ይፋ የሆኑት በኤፕሪል 2009 ነው፤ ያውም የመብት ተሟጋቹ የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት፣ የመንግሥትን ወረቀት ለመጠየቅ በሚያስችለው የመረጃ ነጻነት ሕግ ከስሶ ዓመታት ከተሟገተ በኋላ። ሕጉ ራሱ ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው። ሕግ መኖሩ ብቻውን ወረቀቱን ከመሳቢያ አላወጣውም፣ አንድ ሰው መክሰስ ነበረበት።

እኔን የያዘኝ ግን የአል-አውላቂ ነገር ነው። አንዋር አል-አውላቂ መንግሥት የአልቃይዳ መሪ ነው ያለው ሰባኪ፣ ግን የአሜሪካ ዜጋ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2011 የመን ውስጥ በድሮን ተገደለ። ግድያውን የሚፈቅደው አስተያየት ከዓመት በፊት፣ በጁላይ 2010 ተጽፎ ተቀምጧል። ሰውዬውን ልከላከል አይደለም። ግን መንግሥት የገዛ ዜጋውን ያለ ፍርድ የሚገድልበትን ምክንያት ጽፎ ከዜጎቹ ሲደብቅ፣ ሌላው ዜጋ መስመሩ የት ላይ እንደተሰመረ በምን ያውቃል? ኒው ዮርክ ታይምስና የሲቪል ነጻነቶች ኅብረቱ ከሰሱ። በጃንዋሪ 2013 ዳኛ ኮሊን ማክማን ለመንግሥት ፈረዱ፤ የፈረዱት ግን እያዘኑ ነው፣ ሕጉ እጃቸውን እንዳሰረው በውሳኔያቸው ላይ አልሸሸጉም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2014 ውሳኔውን ሻረው፤ በጁን አስተያየቱ ወጣ፣ ብዙ ቦታ ላይ ተሰርዞ።

ለምን አሸነፉ? ሀ. ይህን ስትነግረኝ አምፒር ሲኒማ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ያሸነፉት ሕዝብ የሚገዛበትን ሕግ የማወቅ መብት አለው ተብሎ አይደለም። ባለሥልጣናቱ በየመድረኩ «ያደረግነው ሕጋዊ ነው» እያሉ ስለተናገሩና የሐሳቡ ማጠቃለያ አስቀድሞ በይፋ ስለወጣ፣ ከዚህ በኋላ ምስጢር ነው ልትሉ አትችሉም ተባሉ። ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ዛሬም ተዘግቶ ነበር።

ለዚህም ማረጋገጫ የሚመስል ነገር በዚያው በ2014 ጃንዋሪ ላይ ሆኗል። ኤፍቢአይ የሰዎችን የስልክ መዝገብ ስለሚያገኝበት መንገድ የተጻፈ አስተያየት እንዲወጣ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የሚባል የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት ከስሶ ነበር። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ይህ ምክር ነው፣ ኤፍቢአይ የራሱ አቋም አድርጎ በይፋ አልተቀበለውም፣ ስለዚህ ተደብቆ መቆየት ይችላል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ገና በ1975፣ መሥሪያ ቤት እንደ ሕግ የሚሠራበትን የመጨረሻ ውሳኔ ከሕዝብ ሊሸሽግ አይችልም ብሎ ነበር። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ምክሩ የት ላይ ሕግ ይሆናል የሚለው ላይ ነው። ለእኔ መልሱ ቀላል ነው፤ ሰው «አይፈቀድልህም» ተብሎ ከመስኮት የተመለሰበት ወረቀት ሕግ ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን። በ2016 የመረጃ ነጻነት ሕጉ ሲሻሻል፣ 25 ዓመት የሞላው ወረቀት «የውስጥ ምክክር ነው» ተብሎ እንዳይከለከል ተደርጓል። 25 ዓመት! ወረቀቱ የከለከለው ሰው እኮ እስከዚያ ላይኖር ይችላል።

እኛ ጋ በዚያ በደጉም በክፉውም ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ዘመኑን ላመሰግን አይደለም፣ የሚታወጀው ብዙ ጊዜ ግብርና ዘመቻ ነበር። ቢሆንም ገበሬው ሳይነገረው አይቀጣም የሚል እምነት ነበረበት። አሁንም ወረቀት ላይ ካየነው አልጎደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አዋጅ 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዝዛል፣ ከተከለከለም ወደ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። አዋጅ 1183/2012 ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልተለጠፈ መመሪያ አይጸናም ብሏል። ይህን ሳነብ ደስታ ነው የተሰማኝ፣ እውነቴን ነው። በዚህ ከተማ ስንት ሰው ባላየው መመሪያ ተመልሷል! ነገር ግን አዋጁ የሚናገረው ስለ መመሪያ ነው። «የሕግ ክፍሉ አስተያየት» የቱ ጋ ይገባል? መመሪያው ቢለጠፍና ትርጉሙ መሳቢያ ውስጥ ቢቀር፣ ምን አገኘሁ?

ለሀ. ይህን ስላት እሷ የምትፈራው ሌላ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ውስጥ ሠርታለችና ታውቃለች። «የጻፍነው ሁሉ ነገ አደባባይ ይወጣል ብለን ብናስብ ኖሮ እውነቱን አንጽፍም ነበር» አለችኝ። አለቃው የማይወደውን ምክር የሚጽፍ ጠበቃ ጥበቃ ይፈልጋል አለች፤ ይህ የአሜሪካ መንግሥት ጠበቆችም ክርክር ነው። ተናደድኩባት፣ ከዚያ አሰብኩበት። ልክ ናት፣ ግን በግማሽ፤ ሐሳብ ሲሰጥ ሊሸፈን ይችላል፣ ሰው ላይ ሲሠራበት ግን ሽፋኑ መነሣት አለበት። ይህን ነግሬያት ያሸነፍኩ ሲመስለኝ «እሺ፣ መጻፉን ይተዉትና ስልክ ይደውላሉ» አለችኝ። «አሁንስ ስንቱ በስልክ ነው የሚያልቀው?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። አሜሪካኖቹ ለተሰረዘውም ቢሆን የሚከራከሩበት ወረቀት አላቸው። አንድ አለቃ ለአንድ ሠራተኛ በስልክ «እንዲህ ተርጉሙት» ካለ፣ እኔ በየትኛው ማመልከቻ፣ ምን አምጡልኝ ብዬ ነው የምጠይቀው?